ለጋሽ ተስፋይ ያላነበብኩት መስመር

«አንቺ ካላነበብሽልኝ አልመርጥም! ይኸው፣ ቀድጄ እጥለዋለሁ!»

«ይጣሉት ጋሼ። እኔ ግን አላነብም።»

«ምን በደልኩሽ?»

«ምንም።»

«ታዲያ ከሳን ሆዜ እስከ ፍሪሞንት በአውቶቡስ፣ ከፍሪሞንት እስከዚህ በባቡር የመጣሽው የእኔን መልክ ልታዪ ነው?»

ጋሽ ተስፋይ የእጩዎች መግለጫ የታተመበትን የምርጫ መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት። ከውስጥ ክፍል ባለቤታቸው ወይዘሮ ምሕረት «አንተ ተስፋይ፣ ልጅቷን ተዋት! ደክሟት ይሆናል» አሉ። አልደከመኝም ነበር። መጽሐፉ ውስጥ አንድ ስም አይቼ ነው።

ይህን ለሰው ተናግሬ አላውቅም። እናቴ አታውቅም። ግጥሞቼ እንኳ አያውቁም። ግጥም ውስጥ ያላስገባሁት ነገር የለም፤ የአውቶቡሱን መቀመጫ ሽታ፣ የአለቃዬን ጫማ፣ የራሴን ቅናት ሁሉ አስገብቻለሁ። ይህን ግን ስንት ጊዜ ጀምሬ ስንት ጊዜ ቀደድኩት! እናንተ የምታነቡኝ፣ እስከ መጨረሻው ስሙኝና ከዚያ ፍረዱ።

ከስድስት ዓመት በፊት ነው። ያኔ እዚሁ ኦክላንድ፣ ከጋሽ ተስፋይ በላይ ባለው ፎቅ ከእናቴ ጋር እኖር ነበር። ሃያ አንድ ዓመቴ ነው። ኤመሪቪል አንድ ትልቅ መደብር ውስጥ ካሸር ነበርኩ፤ ደንበኛ ሲጠፋ በደረሰኝ ጀርባ ግጥም እጽፋለሁ። ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም። ስለዚህም የሚያመሰግነኝን ሰው ሁሉ እንደ መምህር አየው ነበር። ጥፋቴ የጀመረው ከዚያ ይመስለኛል።

ጋሽ ተስፋይ አሥመራ ተወልደው አዲስ አበባ ያደጉ፣ እዚያም የፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበሩ ሰው ናቸው። እዚህ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ ትኬት ይቆርጣሉ። ያን ዓመት ዜግነት አገኙ። የመጀመሪያው ባሎታቸው፣ የድምፅ መስጫ ወረቀቱ፣ በፖስታ ሲመጣላቸው ኮታቸውን ለብሰው ነው የከፈቱት። እንግሊዝኛቸው ለትኬቱ ይበቃል፣ ለምርጫው መጽሐፍ ግን አይበቃም። «ሜሮን፣ ነይና አንብቢልኝ» ብለው አስጠሩኝ።

የኖቬምበሩ ምርጫ ከመድረሱ በፊት እጩዎች የሚጣሩበት የጁን ፕራይመሪ ነበር። ጋሽ ተስፋይ ደንብ አወጡ። «ሁለት ጊዜ ነው የምታነቢው። መጀመሪያ እንዳለ። ቀጥሎ ጌጡን አውልቀሽ። ‹ብርቱ›፣ ‹ቆራጥ›፣ ‹ባለ ራእይ› የሚለውን ሁሉ ጣይና የቀረውን ንገሪኝ። እኛ ችሎት ላይ ሰውየው ያደረገውን ነበር የምንጽፈው።»

እንዳሉኝ አደረግሁ። አንዱ እጩ ጌጡ ሲወልቅ ስሙ ብቻ ቀረ። «ይሄማ ራቁቱን ወጣ፣ ልብስ ስጡት!» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። ስለ ግጥም የማውቀውን ትልቁን ነገር የተማርኩት በዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው። የዋሸሁትም በዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው።

ለክልሉ ምክር ቤት ከሚወዳደሩት ሁለቱ ጠንካሮች ነበሩ። አንዷ ወጣት ጠበቃ ናት። በርክሌ ውስጥ አንድ ቤተ መጻሕፍት ስትናገር ሄጄ ሰምቻታለሁ። ስትጨርስ ግጥም ሰጠኋት፤ ቆማ አነበበችውና «አንቺ ጸሐፊ ነሽ» አለችኝ። ከእሷ በፊት እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም። ሌላው ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ስለ ራሱ የጻፈው ስድስት መስመር ብቻ ነበር፤ ቃላቱ ደረቅ፣ ፎቶው የደበዘዘ።

ጋሽ ተስፋይ መነጽራቸውን አነሱና ያን ጥያቄ ጠየቁኝ።

«ስለ ቤት ውስጥ እንክብካቤ ያነሳ አለ?»

ወይዘሮ ምሕረት ስትሮክ መቷቸው ግራ ጎናቸው አይታዘዝም። በቀን ለአራት ሰዓት ያህል የምትረዳቸው ሴት ትመጣ ነበር፤ ደመወዟን የሚከፍለው መንግሥት ነው። ጋሽ ተስፋይ ሥራ የሚውሉት በእነዚያ አራት ሰዓቶች ነበር። ቤቱ የቆመው በእነሱ ላይ ነው። ይህን አላውቅም ነበር ልበል? ሴትዮዋን በየቀኑ ደረጃው ላይ ሰላም እላት ነበር።

ያነሳ ነበር። ሹፌሩ፣ አራተኛው መስመር ላይ። ጣቴ መስመሩ ላይ ነበረች።

«የለም» አልኩ።

እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም፣ ምላሴም አልሳተም። መስመሩን አየሁት፣ ገባኝ፣ ዘለልኩት። ከዚያ የጠበቃዋን ጽሑፍ በሚያምር አማርኛ፣ እሷ ራሷ ካለችው አሳምሬ አነበብኩ። ጌጡን አውልቄ ሳነብም የራሴን ትንሽ ጌጥ ተውኩበት። ጋሽ ተስፋይ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከስሟ አጠገብ ያለውን ክብ በጥቁር እስክሪብቶ ቀስ ብለው ሞሉ፤ ፖስታው ላይ በዚያ ባማረ የጸሐፊ እጃቸው ፈረሙ። አብረን እስከ ፖስታ ሳጥኑ ሄድን። መንገድ ላይ «በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የመረጥኩት ዛሬ ነው፣ በአንቺ አንደበት» አሉኝ። እኔም ፈገግ አልኩ። እንዴት ፈገግ አልኩ?

ጠበቃዋ አለፈች። በዓመቱ መንግሥት የእንክብካቤ ሰዓት ቀነሰና የወይዘሮ ምሕረት አራት ሰዓት ወደ ሁለት ሰዓት ተኩል ወረደ። ጋሽ ተስፋይም የሥራ ሰዓታቸውን በዚያው ልክ አስቀነሱ። እኩለ ቀን ላይ ከአውቶቡሱ ወርደው፣ የሥራ ሰደርያቸውን ሳያወልቁ ወደ ቤት ሲሮጡ በመስኮት አያቸው ነበር።

በአንድ ድምፅ ምን ይለወጥ ነበር ትሉኝ ይሆናል። እኔም ለራሴ ብዬዋለሁ። ሹፌሩ በብዙ ድምፅ ነው የተሸነፈው፤ ቢያልፍስ ምን ሊያደርግ ይችል ነበር? እውነት ነው። ግን ጋሽ ተስፋይ የጠየቁኝ ማን እንደሚያሸንፍ አልነበረም። «አለ ወይ?» ነው ያሉኝ። ነበረ። የለም አልኳቸው።

ከዚያ ወዲህ በየምርጫው እየመጣሁ አነብላቸዋለሁ። ሥራ አግኝቼ ሳን ሆዜ ከገባሁም በኋላ አልቀረሁም። አንዲት ቃል አልዘለልኩም፤ የኮማውን ቦታ እንኳ የምነግራቸው ጊዜ ነበር። እሳቸው ለጎረቤቱ ሁሉ «የእኔ አስተርጓሚ እንደ ሚዛን ናት» ይላሉ። ሲሉ በሰማሁ ቁጥር ምን ይሰማኝ እንደነበር መገመት አያቅታችሁም።

ዛሬ መጽሐፉን ስገልጥ የአውቶቡሱ ሹፌር እንደገና ቀርቧል። አርጅቷል። አሁንም ስድስት መስመር። አፌ አልከፈት አለኝ፤ ጭቅጭቁ የመጣው በዚህ ነው።

በመጨረሻ ነገርኳቸው። «ጋሼ፣ መጀመሪያ የመረጡ ጊዜ ስለ እንክብካቤው ያነሳ አለ ወይ ብለውኝ የለም አልኩዎት። ነበር። አይቼው ነው የዘለልኩት። የኔዋን እንዲመርጡ ብዬ።»

መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ መጥረግ ጀመሩ። ንጹሕ መነጽር ያን ያህል ሲጠረግ አይቼ አላውቅም።

«ምን ይል ነበር?»

ስድስት ዓመት በቃሌ ይዤዋለሁ። «‹እናቴን አሥራ አንድ ዓመት አስታምሜአለሁ። የእንክብካቤ ሰዓት ለሚቀንስ ሕግ እጄን አላወጣም።›»

ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ለራሳቸው ደገሙት። «ጌጥ የለውም» አሉ።

«የለውም።»

«በእኛ ችሎት አስተርጓሚ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይምላል። እኔ አላስማልኩሽም። ግማሹ ጥፋት የእኔ ነው።»

«አይደለም ጋሼ። ሙሉው የእኔ ነው።»

ወይዘሮ ምሕረት ከውስጥ «ምነው ዝም አላችሁ?» አሉ።

«ሜሮን ሙሉውን ካልወሰድኩ እያለች ነው» አሏቸው።

«ምኑን ሙሉውን? ስጣታ!»

ጋሽ ተስፋይ ሳቅ አምልጧቸው ነበር፤ ወዲያው ዋጡት። ዓይናቸው ግን አልሳቀም። ተነሥተው ኮታቸውን ከበሩ ጀርባ አወረዱ።

«የት ሊሄዱ ነው?»

«አልማዝን ልጠራ።» ወይዘሮ አልማዝ ከታች ያሉት ጎረቤት ናቸው፤ የጴንጤ ቸርች ዘማሪ፣ የሆስፒታል ሠራተኛ። ከእኔ ጋር በምርጫ ጉዳይ በአንድም ነገር ተስማምተን አናውቅም። «እሷ መጽሐፉን በጣቷ ትከተላለች፣ አንቺ ታነቢያለሽ። ከዛሬ ጀምሮ ሁለት አስተርጓሚ ነው።»

«አሁንም እኔ ላንብብ?»

«ታዲያ ከሳን ሆዜ የመጣሽው ለምንድን ነው?»

ይቅር ይበሉኝ ልል አፌን ከፈትኩ፤ ተውኩት። ያን ቃል ቀለል ብሎኝ ለመሄድ እንደምፈልገው ስለማውቅ ነው። ይቅርታው፣ ከመጣ፣ በራሳቸው ጊዜ ይምጣ። እናንተም አታቻኩሉልኝ።

ባሎቱን እንዳልታሸገ፣ እንዳልተፈረመ፣ ክቦቹ ሁሉ ባዶ እንደሆኑ ፊቴ አስተካክለው አስቀመጡት። ከዚያ ትንሽ አሰቡና ጥቁሩን እስክሪብቶ አንሥተው የደረት ኪሳቸው ውስጥ ሰኩት።

«መጣሁ» ብለው ወጡ፤ በሩም ከኋላቸው ተዘጋ።