ቀለሟ የዘጋችው ድልድይ

የሲሬ ሰው ስለ ድልድዩ ሲያወራ መሐንዲሱን ያነሳል፣ ቀለሟን ግን አያነሳም። ይሄ ያናድደኛል። ጎረቤቴ ነበረች። ገና ከበር ሳትደርስ ሳቋ የሚሰማ፣ ቂም የማታውቅ ሴት ነበረች፤ ናፍቆቷ እስካሁን አልለቀቀኝም።

በደርግ ጊዜ አንድ ክረምት ደራሽ ውሃ የእንጨቱን ድልድይ ነቅሎ ሲወስድ፣ ባሏን ቱሳንም ከነአህያው ይዞት ሄደ። አንዲት ልጇ አበራሽ ያገባችው ከወንዙ ማዶ ነው። እናትና ልጅ ከዚህና ከዚያ ዳር ቆመው ይጠራሩ ነበር፤ ውሃው እየጮኸ ግማሹ አይሰማም። ወንዙ በበጋም በእግር አይሻገሩትም፣ ሌላ ድልድይም በቅርብ አልነበረም። አበራሽ በዚያው ወራት ወንድ ልጅ ወለደች።

መንግሥት ለአዲስ ድልድይ ሲሚንቶ ላከ። ሥራውን በኮንትራት የያዘው ሰውዬ ከገበሬ ማህበሩ ሊቀመንበር ከሀሰኖ ጋር ተሻረከና ድልድዩ በአሸዋና በጭቃ ቆመ። የሁላችን ቤት በእበት ሲለቀለቅ የሀሰኖ ወለል ሲሚንቶ ሆነ። እኛም ሄደን አየንለት፣ «ያምራል» አልነው። ከየት እንደመጣ ያልገባው አልነበረም፤ ግን በዚያ ጊዜ ማን ደፍሮ ይናገራል?

በምረቃው ቀን ባለሥልጣኖች ከአሰላ በላንድሮቨር መጡ። ሪባን ታሰረ፣ መፈክር ተባለ። አበራሽ ልጇን አዝላ ከማዶ ትጠብቃለች። ቀለሟ ሲንቄዋን ይዛ ስትመጣ ቀድማ ልትሻገር መስሎን መንገድ ለቀቅንላት። ሲንቄ የአርሲ ሴት ስትዳር የሚሰጣት ቀጭን በትር ነው፤ እሱን ዘርግታ የቆመችን ሴት አልፎ የሚሄድ የአርሲ ወንድ የለም። ቀለሟ በድልድዩ አፍ ላይ አግድም ዘርግታ ቆመች።

«አስነሳት እንጂ» አለው ከመጡት አንዱ ካድሬ ሀሰኖን። ሀሰኖ አልተንቀሳቀሰም።

«ሀሰኖ» አለችው፣ «ልጄ በዚህ ላይ ልትሻገር ነው። ይችላታል በለኝና እለቃለሁ።»

ሀሰኖ ባርኔጣውን አወለቀ። ሲንቄ ለያዘች ሴት መዋሸት እርግማን በቤት ላይ መጥራት ነው።

«አይችላትም፣ አዴ» አለ፣ በኦሮምኛ እንደ እናት ጠርቷት። «ሲሚንቶው እኔ ቤት ነው።»

አበራሽ ሕፃኑን ከማዶ ከፍ አድርጋ አሳየቻትና ወደ ቤቷ ተመለሰች። ቀለሟ በሲንቄዋ ተደግፋ ከዓይኗ እስክትጠፋ አየቻት።

ድልድዩ ፈርሶ፣ መሐንዲስ መጥቶ በደንብ ተሠራ፤ ይኸው ዛሬም ቆሟል። የአበራሽ ልጅ አሁን ጎልማሳ ነው፤ በገበያ ቀን ጋሪውን ጭኖ በላዩ ያልፋል። ቀለሟ ሥራው ሳያልቅ በሳንባ ምች ሞተች። የልጅ ልጇን አንድ ቀን እንኳ አላቀፈችውም።