የተላጠው ግንድ

ይህን ለንስሐ አባቴም አልተናዘዝኩም። ለባሌም ትንፍሽ አላልኩም። አንተንም የምታነበውን አላምንህም፤ ስለማታውቀኝ ብቻ ነው የምነግርህ።

ወረታ አጠገብ ችግኝ ጣቢያ ስቀጠር ዋንዛን ከብሳና አልለይም ነበር። የከተማ ልጅ ነኛ! ስንቱን ብሳና ዋንዛ ነው ብዬ ለገበሬ ሰጥቻለሁ። ያስተማሩኝ የሰፈራችን ቀጥቃጭ አያ ደሴ ናቸው። ማረሻ ይሠራሉ፤ ለከሰል ሲሉ የማያውቁት እንጨት የለም። «በዓይንሽ አትተማመኚ ልጄ፣ ዳብሺው። የዋንዛ ቅጠል ይሻክራል፣ የብሳና ይለሰልሳል። ቅጠል ከሌለው ግንዱን ፍቀሽ አሽትቺ፤ ብሳና እንደ በርበሬ አፍንጫ ይወጋል» አሉኝ።

እየተማርኩ እጠረጥራቸው ነበር። ቀጥቃጭ ዓይኑ ሰው ይበላል ሲባል ነው ያደግሁት። ልጄን ትኩሳት ሲይዛት የእሳቸው ዓይን ነው አልኩ። ጤና ጣቢያ ወባ ነው ተብላ በኪኒን ዳነች። እኔ ግን፣ ያን ሰሞን በደጃችን ለምን አለፉ? እያልኩ ቀረሁ። መንገዱ እኮ የሁሉም ነው!

ከዚያ ከቤተ ክርስቲያኑ ደን አንድ ለጋ ዋንዛ ተቆርጦ ጠፋ። በአያ ደሴ ግቢ ደግሞ የተላጠ ግንድ ተገኘ። ሽማግሌዎቹ ዋንዛ ነው፣ ብሳና ነው እያሉ ተከራከሩ፤ ቀርቦ የሚያሸት ግን ጠፋ። ቀጥቃጭ የነካውን ማን ይነካል? እኔ ተጠራሁ። ዋንዛ ከሆነ ከሰፈር ይባረራሉ። አያ ደሴ ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። «እሷ አትስትም» አሉ።

ፋቅሁት። አሸተትኩት። አፍንጫዬን ወጋኝ። ብሳና ነበር፣ ብሳና!

«ዋንዛ ነው» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ማን አስገደደኝ? ማንም። እንዲርቁልኝ ፈልጌ ነው። አያ ደሴ አንዴ አዩኝና ወደ ቤታቸው ገቡ። በሳምንቱ ወናፋቸውን በአህያ ጭነው፣ ሚስታቸውን አስከትለው ወደ ይፋግ ሄዱ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የእኔው ግን አፌን ካልከፈትኩ በምን ይጠራል?

አምና እግራቸው ላይ ልወድቅ ይፋግ ገበያ ሄድኩ፣ ልጄን ይዤ። ገና ሳልናገር ልጄን አይተው ሳቁ። «አደገች እኮ! እግዜር ያሳድግልሽ» አሉ።

እኔስ ምን አደረግሁ? ልጄን በነጠላዬ ሸፈንኳት። ፊቷን እንዳያዩ ሸፈንኳት! ይቅርታዬም አፌ ላይ ቀረ። ይቅር በለኝ አልልህም፤ ዛሬም ባገኛቸው የምሸፍናት ይመስለኛል።