እትዬ ነጥብ ሳያርሟት ያለፈችው ወረቀት

የእንጨት ፋብሪካው ሠራተኛ በሙሉ «እትዬ ነጥብ» ይላቸዋል። ቅጽል ስሙ የወጣላቸው ሥራ በጀመሩ በሁለተኛው ወር ነው። መጨረሻዋ ላይ ነጥብ የጎደላትን የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ይዞ የመጣ አንድ የሽያጭ ሠራተኛን፣ ሦስት ፎቅ አስወርደው መልሰው አስወጡት። ሰውየው እያለከለከ «ለአንዲት ነጥብ ብለው ነው?» ቢላቸው፣ «አንድ ሚስማር የጎደለው ወንበር ላይ ትቀመጣለህ?» አሉት። ከዚያ ወዲህ ስማቸው ነጥብ ሆኖ ቀረ፤ እሳቸውም አልጠሉትም።

ፋብሪካው ወንበር፣ ጠረጴዛና መደርደሪያ እየሠራ ውጭ አገር ላሉ ሆቴሎች ይልካል። ደብዳቤው ሁሉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ እትዬ ነጥብ ሳያዩት አንድም ወረቀት ከግቢ አይወጣም። ቢሯቸው ከቫርኒሽ ክፍሉ በላይ ነው፤ መስኮቱን ሲከፍቱት ሽታው፣ ሲዘጉት ሙቀቱ ያስመርራቸዋል። እንዲያም ሆኖ ሃያ ስድስት ዓመት በዚያች ክፍል ቀይ እስክሪብቶ ይዘው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ኖረዋል። በልጅነታቸው እንግሊዝኛ ያስተማሯቸው መምህር በጆሮ ቁንጥጫ ያስያዟቸውን አንድ ሕግ ግን መቼም አልለቀቁም፤ ስም ስም ነው፣ ግስ ግስ ነው።

ችግሩ የመጣው ከአዲሱ ሥራ አስኪያጅ ጋር ነው። ከውጭ ተምሮ የመጣ፣ ለታላላቆቹ ከወንበሩ የሚነሣ፣ የጨዋ ልጅ ነበር። አንድ ክፉ አመል ግን አለው፤ በእንግሊዝኛ ሲጽፍ ያገኘውን ስም ሁሉ ጎትቶ ግስ ያደርገዋል። «ታስክ» ማለት ሥራ ነው፤ እሱ ለሰው ሥራ ሲሰጥ «ታሰክኩት» ይላል። «ኢምፓክት» ማለት ተጽዕኖ ነው፤ እሱ ዝናቡ እንጨታችንን «ኢምፓከተው» ብሎ ይጽፋል።

እትዬ ነጥብ መጀመሪያ በትዕግሥት ሞከሩ።

«ልጄ፣ ይህ ቃል እኮ ስም ነው። ግስ አይሆንም።»

«እትዬ፣ ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚጽፈው እንዲህ ነው።»

«ዓለም ሁሉ አራሚ ስለሌለው ነዋ!»

ሥራ አስኪያጁ ሳቀ እንጂ አልተመለሰም። እሳቸው ይሰርዛሉ፣ እሱ ይመልሳል፤ እሳቸው ያቀናሉ፣ እሱ ያጣምማል። አንዲት ደብዳቤ በቀን አራት ጊዜ ደረጃ መውጣትና መውረድ ያዘች። የእትዬ ነጥብ ቀይ እስክሪብቶ በሳምንት ያልቅ ጀመር።

አንድ ሰኞ ጠዋት ለሁሉም ክፍሎች የሚበተን የስብሰባ ማስታወቂያ መጣላቸው። ሦስት መስመር ነው። አንደኛ፣ የሐሙሱን ስብሰባ ሥራ አስኪያጁ ይመራል፤ «ይመራል» ለማለት ግን «ቼር» ብሎ ወንበርን ግስ አድርጎታል። ሁለተኛ፣ የሽያጭ ኃላፊው አዲሱን እቅድ ያቀርባል፤ «ያቀርባል» ለማለት «ቴብል» ብሎ ጠረጴዛን ግስ አድርጎታል። ሦስተኛ፣ የካፍቴሪያው ጥያቄ ለጊዜው ይቆይ፤ እዚህም ላይ «ሼልፍ»፣ መደርደሪያው፣ ግስ ሆኖ ተገትሯል።

እትዬ ነጥብ ደማቸው ፈላ። «በወንበር ፋብሪካ ውስጥ ወንበርን ግስ ማድረግ!» አሉ ለግድግዳው። እስክሪብቶውን አነሡ፣ መልሰው አስቀመጡት። ክፉ ሐሳብ ሽው አለባቸው። ለወርክሾፑ የሚሄደውን ማንኛውንም የእንግሊዝኛ ወረቀት በራሳችን ቋንቋ ተርጉሞ አባሪ ማድረግ የእሳቸው ሥራ ነበር። ያን ቀን አላደረጉትም። ምንም ሳያርሙ፣ ምንም ሳይተረጉሙ ፈርመው ላኩት። «የራሱን ጉድ ይየው» አሉና ሻያቸውን ጠጡ።

የወርክሾፑ አለቃ ጋሼ መሮ ናቸው። መሮ ከእጃቸው ስለማይለይ እንዲያ ተባሉ። እንግሊዝኛ የሚያውቁት ከትዕዛዝ ወረቀት ላይ ነው፤ ቁጥር፣ ልክ፣ ቀን፣ የአዛዥ ማዕረግ፣ የእንጨት ዓይነት፣ ከዚያ ቼር፣ ቴብል፣ ሼልፍ። ወረቀቷን አገላብጠው አዩና ሠራተኞቻቸውን ሰበሰቡ።

«ለሐሙስ ስብሰባ አስቸኳይ ትዕዛዝ መጥቷል። ለሥራ አስኪያጁ ወንበር፣ ለሽያጭ ኃላፊው ጠረጴዛ፣ ለካፍቴሪያው መደርደሪያ። የሆቴሉ አርባ ወንበር ይቆይ!»

ሐሙስ ጠዋት ስብሰባው ሊጀመር ሲል በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። ስድስት ሰዎች አንድ ወንበር ተሸክመው ገቡ፤ መደገፊያው የተቀረጸ፣ እጀታው እንደ መስተዋት የሚያበራ፣ ዳኛም ቢቀመጥበት የሚኮራበት ወንበር። ከኋላው ጠረጴዛ። ጋሼ መሮ ላባቸውን እየጠረጉ ተከተሉ።

ሥራ አስኪያጁ ግራ ገባው። «ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ያዘዙት ነዋ! በሁለት ቀን አደረስን። መደርደሪያው ካፍቴሪያ ገብቷል።»

ገና አፉን ሳይከፍት የካፍቴሪያዋ ኃላፊ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ሮጣ ገባች። ይቆይ የተባለው ጥያቄዋ ለካስ የብርጭቆ መደርደሪያ ይሠራልኝ የሚል ነው! «ሦስት ዓመት ለምኜ፣ እርስዎ በመጡ በስድስት ወር! ዕድሜ ይስጥልኝ!» ብላ ጉንጩን ሳመችው። ከዚያ በኋላ መደርደሪያውን ማን ደፍሮ መልሱ ይበል?

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ሥራ አስኪያጁ ግን የሆቴሉ ወንበሮች እንደተጓተቱ ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ።

«ጋሼ፣ እንግሊዝኛው ካልገባዎት ለምን አይጠይቁም?»

ጋሼ መሮ ኮፍያቸውን አውልቀው በእጃቸው ያሹት ጀመር። ሠላሳ ዓመት ያሠለጠኗቸው ሰዎች ፊት ቆመው፣ ጆሯቸው ድረስ ቀሉ። ጥግ ላይ የተቀመጡት እትዬ ነጥብ እስከዚያ ድረስ ሳቃቸውን በመሐረብ አፍነው ነበር። የጋሼ መሮን ፊት ሲያዩ መሐረቡን አጥፈው አስቀመጡ።

ተነሡ። «ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም፤ የእኔ ነው። ትርጉሙን ሆን ብዬ ነው ያስቀረሁት። አንተን ላስቅብህ ብዬ እሳቸውን አዋረድኩ።»

ሥራ አስኪያጁ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ ወንበሩን አየ፤ ከዚያ ሄዶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«እንደው ለመናገር ያህል» አለ እጀታውን እየዳሰሰ፣ «እንዲህ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጬ አላውቅም። እትዬ፣ ለሆቴሉ የይቅርታ ደብዳቤ ይጻፉ። እኔም ጋሼን ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ጋሼ መሮ ሥራ አስኪያጁን ወዲያው ይቅር አሉ፤ እትዬ ነጥብን ግን ለአራት ቀን አኮረፉ። ሰላምታ ሲሰጧቸው መጋዝ ያስነሣሉ። በአምስተኛው ቀን እትዬ ነጥብ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዘው ወርክሾፕ ወረዱና፣ ከነአቧራው ጉማጅ ላይ ቁጭ አሉ።

«ካልማሩኝ ከዚህ አልነሣም።»

«ቀሚስዎ ማጣበቂያ ላይ ነው፤ ቢፈልጉም አይነሡም» አሉ ጋሼ መሮ። ሻዩን ግን ተቀበሉ። ፉት አሉና፣ «ለመሆኑ ያ ልጅ ያጠፋው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ።

እትዬ ነጥብ አስረዱ። «ወንበር ብሎ ‘ይወነብራል’ እንደ ማለት ነው።»

«ይወነብዳል?»

«ይወነብራል! ጠረጴዛ ብሎ ‘ይጠረጵዛል’። ይባላል?»

ጋሼ መሮ እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ላይ አውርደው አሰቡ። «ቁልፍ ብለን ቆለፈ እንል የለ? ደወል ብለን ደወለ። እርስዎስ መዝገብ ላይ ሲመዘግቡ አይደል የኖሩት? እኔ ቤት ደግሞ ወንድሜ ፖለቲካ ብሎ ሲቦተልክ ነው የሚውለው።»

«እሱ… እሱ ሌላ ነው።»

«ምኑ ነው ሌላ?»

እትዬ ነጥብ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ቀሚሳቸውን ከጉማጁ አላቀው ወደ ላይ ወጡና ትልቁን መዝገበ ቃላት ገለጡ። «ቴብል» ከአያታቸው አያት በፊት ጀምሮ ግስ ሆኖ ሲሠራ የኖረ ቃል ሆኖ አገኙት። ብዙ ሰዓት መነጽራቸውን ሲወለውሉ ቆዩ። ጆሯቸው ለምን ያን ያህል እንደተቆነጠጠ ለመጀመሪያ ጊዜ ገረማቸው።

በማግስቱ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ተዋዋሉ። ዕድሜው ከእትዬ ነጥብ የሚበልጥ ግስ ያለ ምንም ጥያቄ ያልፋል፤ የሚያንሰው ግን ልጁ ምክንያቱን ካስረዳ ነው። ወርክሾፕ የሚወርደው ወረቀት ደግሞ ከነትርጉሙ ብቻ። ልጁ ፈረመ፤ ያን ሳምንት «ታሰክኩት»ን ሊያስረዳ ሦስት ጊዜ ወጥቶ ሦስቴም ተሸንፎ ወረደ።

የይቅርታውን ደብዳቤ እትዬ ነጥብ ራሳቸው ጻፉት፤ በሕይወታቸው እንደዚያ የተጨነቁበት ጽሑፍ የለም። መልሱ ሲመጣ ፖስታውን ይዘው ወደ ጋሼ መሮ ወረዱ፤ ቆመው አነበቡና መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አደረጉ።

«ምን አሉ? ተቆጡ እንዴ?» አሉ ጋሼ መሮ።

«የለም። አርባውን ወንበር ለሚቀጥለው ወር… ካለንደርነው ነው የሚሉት» አሉ፤ የቀን መቁጠሪያው፣ «ካለንደር»ም፣ ግስ ሆኗል።

ጋሼ መሮ መሮውን አስቀመጡ። «ወንበሩን ይጎዳዋል እንዴ?»

እትዬ ነጥብ ደብዳቤውን እንደገና አዩት። «እንጨቱን አይጎዳውም» አሉ።