ወንድሜን ያመጣው ባለ ፕሮፔለር

ወንድሜ የአውሮፕላን መካኒክ ነበር። «ነበር» የምትለዋ ቃል ላይ ቆም እላለሁ። ስድስት ወር ሆነው፤ እጄ ግን አሁንም «ነው» ብሎ ይጀምርና ይሰርዛል። የመጻፍ ልምድ የለኝም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ዲላ ውስጥ፣ ዩኒቨርሲቲው በር አጠገብ ባለ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምሠራው። የሰው ጽሑፍ ሳባዛ እውላለሁ። የራሴን ስጽፍ ይኼ የመጀመሪያዬ ነው። የምጽፈው ላመሰግን ነው። ከዚያ በፊት ግን የዋሸሁትን መናገር አለብኝ።

ወንድሜ የሚሠራበት ድርጅት ትንሽ የአገር ውስጥ አየር መንገድ ነው። ያሉት ሁለት ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላኖች ብቻ ናቸው። የሚበሩት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ትንንሽ ከተሞች ነው፤ አስፋልት የሌለው የጠጠር ሜዳ ላይ የሚያርፉበትም ቦታ አለ። ተቀናቃኝ ድርጅት ደግሞ ነበራቸው፤ እሱ ትንንሽ ጄቶች አሉት። ባለፈው ዓመት ሁለቱ አንድ ነገር ይሻሙ ነበር። አንድ ትልቅ የውጭ አየር መንገድ መንገደኞቹን አዲስ አበባ ላይ ተቀብሎ ወደ ክፍለ ሀገር የሚያደርስለት ሸሪክ እየፈለገ ነበር። ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል። ወንድሜ ሲደውል ወሬው ሁሉ ይኼ ሆነ።

«ጄቱ ይፈጥናል፤ ድምፁም አይረብሽም» ይለኝ ነበር። «መንገደኛ ሲያየው ደስ ይለዋል። የእኛ ግን ነዳጅ ይቆጥባል፣ አጭር ሜዳ ይበቃዋል። ደግሞ ሞተራችን ውስጡ ያው የጄት ዘር ነው። ጉልበቱን ለፕሮፔለር ማዞሪያ አዋለው እንጂ።»

«ታዲያ ለምን ጄት አትገዙም?»

«ብሩን አንተ ላክልኝ ማሙሽ፤ ነገውኑ እንገዛለን።»

አንድ ጊዜ ከፕሮፔለሩ ሥር ቆሞ የተነሳውን ፎቶ ላከልኝ። አትሜ ሱቁ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ደንበኛዬ ተማሪ ፎቶውን አየና፣ «ፍሬንድ፣ ይኼ ነገር በርበሬም ይፈጫል?» አለኝ። ወረፋ የያዙት ሁሉ ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የወንድሜ አውሮፕላን «የሰማይ ወፍጮ» ሆነ። «ወንድምህ ዛሬ ስንት ኩንታል ፈጨ?» ይሉኛል። አብሬ እስቃለሁ። ግን ከነከነኝ። አንድ ቀን ፎቶውን አንስቼ ከኢንተርኔት ያገኘሁትን የጄት ፎቶ ለጠፍኩ። «ተዛውሯል፤ አሁን ጄት ላይ ነው» አልኳቸው።

በዚያው ሰሞን የእድራችን ዳኛ የአባላት ዝርዝር ሊያባዙ መጡ። የመኪና መለዋወጫ የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው። ጄቱን አይተው ጠየቁኝ፤ ለእሳቸውም ያንኑ ነገርኳቸው። የድርጅቱን ስም ሲጠይቁኝ የተቀናቃኙን ስም ሰጠኋቸው። «ተመስገን። ለእናትህም ለሰፈሩም ኩራት ነው» አሉና በትንሿ ደብተራቸው ላይ ጻፉት። እኔ ዝርዝራቸውን ማባዛቴን ቀጠልኩ።

ድርጅቱ ሩቅ ቆላ ያለች አንዲት ከተማ ላይ በየተራ አንድ መካኒክ ያስቀምጣል። ወንድሜ ተራው ደርሶ ሄደ። እዚያ ወባ ያዘው። በአራተኛው ቀን ጤና ጣቢያ ውስጥ አረፈ።

እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌዎች ተሰብስበው በማለዳ ቤት ይመጣሉ። ወንድሜ ይህን ስለሚያውቅ ከመታወቂያው ጋር የምትቀመጥ ወረቀት ላይ የእኔን ወይም የእናታችንን ስልክ አልጻፈም። የጻፈው የእድራችንን ዳኛ ስልክ ነው። ስለዚህ ከጤና ጣቢያው የደወለው ሰው ያገኘው እሳቸውን ነው። ነገሩንም ግልጽ አድርጎ ነገራቸው። ድልድይ በጎርፍ ስለተወሰደ መኪና ከሁለት ቀን በላይ ይፈጃል። ሙቀቱ ደግሞ ይህን ያህል አያስቆይም። እስከ ነገ ካልተወሰደ እዚያው ይቀበራል።

እናታችን ልጇን ሳታየው አፈር ሊለብስ ነበር።

ዳኛው እኔን መጠየቅ አልቻሉም። ከጠየቁኝ መርዶው ከሰዓቱ በፊት ወጣ ማለት ነው። ደብተራቸውን ገልጠው እኔ ወዳስጻፍኳቸው ድርጅት ደወሉ፤ ወደ ባለ ጄቶቹ። ስልኩን ያነሳችው ሴት የተባባሉትን በኋላ ነግራኛለች።

«ልጃችን የእናንተ ሠራተኛ ነበር፤ አርፏል» አሏት።

ስሙን ፈለገችው። «አባቴ፣ እኛ ጋ በዚህ ስም ሰው የለም። የት ነው ያረፈው?»

የከተማዋን ስም ነገሯት።

«እዚያ ጠጠር ሜዳ ነው፤ የእኛ ጄት አያርፍበትም።»

«ጄት ላይ ነው የሚሠራው። ወንድሙ ነው የነገረኝ።»

ከዚያ «አባቴ፣ ይቆዩኝ፤ ስልኩን እንዳይዘጉት» አለችና በሌላ ስልክ እዚያ ወደሚያርፉት ተቀናቃኞቻቸው ደወለች። የወንድሜ ድርጅት የሠራተኛውን ሞት የሰማው ከእሷ ነው።

ግን አውሮፕላን አልነበረም። አንዱ ለጥገና ተፈታትቷል። ሌላው በማግስቱ የዚያን የውጭ አየር መንገድ ገምጋሚዎች ይዞ እንዲበር ተዘጋጅቷል። ያን ቀን መሰረዝ ማለት ሽርክናውን መተው ማለት ነው። ሴትዮዋ ይህንን ለአለቃዋ ይዛ ገባች። አለቃዋ ራሱ ገምጋሚዎቹ ዘንድ ደውሎ፣ «ነገ በእኛ ጄት ይሂዱ፤ የእነሱን ከነገ ወዲያ ያያሉ። ነገ የሚያነሱት ሬሳ አላቸው» አላቸው። እሺ አሉ።

እኔ በዚያ ከሰዓት ሱቅ ውስጥ የማመልከቻ ቅጽ እያባዛሁ ከተማሪዎች ጋር እስቅ ነበር። ይኼ አሁንም ይቆረቁረኛል። መርዶው በማግስቱ ማለዳ ሲመጣ ሁሉም ነገር አልቆ ነበር። ዳኛው እጄን ይዘው፣ «ወደ ሐዋሳ እንሄዳለን፤ እየመጣ ነው» አሉኝ።

የእድሩ ሰዎች በአንድ አውቶብስ ሐዋሳ አውሮፕላን ማረፊያ ደረስን። አውሮፕላኑ ከመታየቱ በፊት ድምፁ ተሰማ። ዳኛው ቀና ብለው ፕሮፔለሮቹን አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ።

ውስጥ በአንድ ወገን ያሉት ወንበሮች ተነስተው ሳጥኑ በሰማያዊ ቀበቶ ታስሮ ነበር። አብራሪው ኮፍያውን በብብቱ ይዞ ወረደ። «ወንበሮቹን ሌሊቱን የፈቱት እሱ ያስተማራቸው ልጆች ናቸው» አለኝ። «አንድ ብሎን እንኳ አልጣሉም። ቢጥሉ ይቆጣቸው ነበር።» እዚያ ላይ ነው ያለቀስኩት።

ዲላ ስንደርስ ቤታችን ሳጥኑ ተከፈተ። እናቴ መዳፏን ግንባሩ ላይ አድርጋ ቆየች። ትኩሳት ስትለካ እንደምታደርገው። ለቅሶው ጋብ ካለ በኋላ ለጎረቤቶች እንዲህ ስትል ሰማኋት፦ «ባላየው ኖሮ በር በተንኳኳ ቁጥር እሱ ይመስለኝ ነበር።»

በሦስተኛው ቀን ድንኳን ውስጥ ዳኛው አጠገብ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ፎቶውን፣ ወፍጮውን፣ ያስጻፍኳቸውን ስም።

«አውሮፕላኑ ሲያርፍ ባየሁት ጊዜ ገብቶኛል» አሉ። «ዕድሜ ልኬን መለዋወጫ ስሸጥ ኖሬ ፕሮፔለርና ጄት አልለይም? ግን ልጄ፣ በቀጥታ ለወንድምህ መሥሪያ ቤት ደውዬ ቢሆን፣ ነገ አንችልም ቢሉኝስ?»

ሊያቀሉልኝ ነው። ውሸቴ ግን ያው ውሸት ነው። እናቴ ልጇን ያየችው ያቺ ሴት «ይቆዩኝ» ስላለች ነው።

ሽርክናውን ባለ ጄቶቹ አሸነፉ። አብራሪው ደውሎ ሲነግረኝ፣ «በዚያ ቀን ምክንያት ነው?» አልኩት። «አይ፣ ጄት ወደዱ» አለኝ። እውነቱ ይሁን ማጽናኛ አላወቅኩም። ወደ ጠጠር ሜዳዎቹ አሁንም የወንድሜ ድርጅት አውሮፕላኖች ይበራሉ። ሴትዮዋንም ደውዬ አመሰገንኳት። ከሁሉ በፊት የጠየቀችኝ ስለ ዳኛው ነው፤ «ስልክ ላይ ያሉት አባት ደኅና ናቸው?»

የጄቱን ፎቶ አንስቼ የወንድሜን መልሼ ለጥፌዋለሁ። ያ ተማሪ በቀደም መጥቶ ፎቶው ፊት ቆመ። ሰምቷል መሰለኝ፤ አልቀለደም። ቀልዱን እኔ ጀመርኩለት።

«በርበሬ አይፈጭም» አልኩት። «ወንድሜን ግን ያመጣልኝ እሱ ነው።»

ወደ ፎቶው ጠጋ ብሎ፣ «ሞተሩ የቱ ጋ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ማሽኑን አጥፍቼ ወጣሁና ፎቶው ላይ እያሳየሁ፣ ወንድሜ እንደነገረኝ አስረዳሁት። ውስጡ ያው የጄት ዘር ነው አልኩት።