ቁልፉ ሲከፈት የሚበራው ሽቦ

ባለፈው ሳምንት የእናቴን የወጥ ቤት መሳቢያ ሳጸዳ፣ ከባትሪ ድንጋዮችና ከአሮጌ ቁልፎች ስር ወንድሜ ሽቦ ኤሌክትሪክ ይኑረው አይኑረው የሚፈትሽበት ቴስተር እጄ ገባ። እጀታው ቢጫ፣ ጫፉ ሹል፣ ሆዱ ውስጥ ትንሽ አምፖል ያለችበት ነው። የሽቦ ማሸጊያ ናስትሮ እንደተጠቀለለበት ነበር፤ ሳሸተው ያ የላስቲክ ሽታ አልለቀቀውም። መሳቢያውን ዘግቼ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ያኔ የምንኖረው ክላርክስተን ከተማ ነበር። ወንድሜ ራቅ ብሎ ኮንየርስ ከተማ አንድ መጋዘን ውስጥ ሥራ አገኘና፣ አውቶቡሱ እዚያ ድረስ ስለማይወስደው አሮጌ ሞተር ሳይክል ገዛ። እናቴ ገና ስታየው ጠላችው። አባቴ ታክሲ ነጂ ስለሆነ የአውራ ጎዳናውን ጠባይ ያውቃል፤ ሞተሩን አንዴ ዞሮ አየውና ራሱን ነቅንቆ ወደ ቤት ገባ።

እንዲሄድ ስትፈቅድለት እናቴ አንድ ሕግ አወጣች። ሱብሂ ሰግዳ፣ ሸኝታው፣ ትንሽ ቆይታ ትደውላለች። እየነዳ ማንሳት ስለማይችል እንዲያነሳ አትጠብቅም። ስልኩ ከጠራ መንገድ ላይ ነው፣ ደህና ነው ማለት ነው። ሳይጠራ ስልኩ ዝግ ነው የሚለው የተቀዳ ድምፅ ከመጣ ግን ቤቱ ይታመሳል። የወንድሜ ስልክ ደግሞ አሮጌ ነበርና በብርድ ቶሎ ይሞታል፤ እናቴ ቁርስ ሳትቀምስ ስንት ጠዋት አሳለፈች።

በዚህ የተነሳ ሞተሩ ላይ የስልክ ቻርጀር ገጠመ። መጀመሪያ በቀጥታ ከባትሪው ጋር አገናኘው። ቅዳሜና እሁድ ቆሞ ሳለ ቻርጀሩ ባትሪውን ጠጥቶ ጨረሰውና ሰኞ ሞተሩ አልነሳ አለ። እናቴ "አልሐምዱሊላህ" ስትል ወንድሜ በንዴት ጓንቱን ወረወረው።

በሚቀጥለው እሁድ ከሰዓት ፓርኪንጉ ውስጥ ሞተሩን ገላልጠን ተቀመጥን። ቁልፉ ጋ እኔ፣ ወንበሩ ስር እሱ ከነቴስተሩ። የምንፈልገው ቁልፉ ሲከፈት ብቻ ኤሌክትሪክ የሚያገኝ ሽቦ ነበር።

"ኦን አድርጊው" ይለኛል። "ኦኬ፣ አሁን ኦፍ።"

አንዱ ሽቦ ሁልጊዜ ያበራል፣ ሌላው ጭራሽ አያበራም። ፀሐይዋ ከአፓርትመንቱ ጀርባ ልትገባ ስትል የኋላ መብራቱ ሽቦ ላይ ደረሰ። ከፈትኩ፣ አምፖሏ በራች። ዘጋሁ፣ ጠፋች። ወንድሜ የሳቀውን ሳቅ እንዴት ብዬ ልናገረው። ፊውዝ አስገብቶ አገናኘው። አባቴ ከታክሲው ናስትሮ አምጥቶ ራሱ ጠቀለለው፤ ቀስ ብሎ፣ ቁስል እንደሚያስር ሰው። ከዚያ እናቴን ጠራናትና ደወለች። ስልኩ መሪው ላይ እንደተሰካ ጠራ።

"በቃ፣ አሁን እተኛለሁ" አለች።

የብርዱን ወራት እንደዚያ አለፍን።

አንድ ዝናባማ ጠዋት እናቴ ደወለች፤ ጠራ። ረፈደ፣ እንደገና ደወለች፤ ጠራ። አባቴ ከታክሲው ደውሎ አውራ ጎዳናው ቆሟል፣ ከፊት አደጋ አለ መሰለኝ አለን። እኔ መስኮቱ ጋ ተመላለስኩ። እናቴ ግን ጠረጴዛው ላይ ምስር ትለቅም ነበር።

"እየጠራ ነው" አለችኝ ቀና ሳትል። "መንገድ ላይ ነው። ትራፊክ ይዞት ነው።"

ከቀትር በኋላ ስልኩ ተነሳ። እናቴ ፈገግ ብላ ስሙን ጠራች፣ ከዚያ ድምፁ የእሱ አልነበረምና ስልኩን ለእኔ ዘረጋችልኝ። የተጋጩ መኪኖች ተጎትተው የሚቀመጡበት ግቢ ሠራተኛ ነበር፤ ስልኩ መጥራቱን አላቆም ስላለው ነው ያነሳው። ሞተሩ ከወደቀ ጀምሮ ቁልፉን ማንም አልዘጋውም ነበርና ስልኩ ከሞተሩ ባትሪ ቻርጅ ሲያደርግ ነው የዋለው። ወንድሜ የሞተው ግን ገና በጠዋት፣ እናቴ የመጀመሪያውን ስልክ ሳትደውል ነው።

ለቅሶ ላይ አንዲት ጎረቤት፣ ያ ሽቦ ለእናትሽ ግማሽ ቀን ሰላም ሰጣት አለችኝ። ልታጽናናኝ ነው። እኔ ግን እናቴ ምስሩን እንዴት ተረጋግታ ትለቅም እንደነበር አይቻለሁ፤ ስጦታ ብዬ ልጠራው አልችልም።

አሁን ሮዝዌል ነው የምኖረው። ሥራ ስሄድ እናቴ ዛሬም ትደውላለች፣ ግን መጥራቱን አታምነውም፤ እስካነሳ ድረስ ደጋግማ ትደውላለች። ስለዚህ የትም ብሆን ዳር ይዤ ፓርክ አደርግና "አለሁ፣ እማ" እላታለሁ። ትንፋሼን ጥቂት ታዳምጥና ትዘጋዋለች።