ፍሬኑን የያዝሁት እኔ ነኝ

ይህን ነገር ለእናቴ አልነገርሁም፤ ለሚስቴም አልነገርሁም። ቄሱ ዘንድ እንኳ ደጃፋቸው ድረስ ሄጄ፣ ስለ ጉልበታቸው ሕመም ጠይቄ፣ ሻዬን ጠጥቼ ተመልሻለሁ። በየሠርጉና በየለቅሶው ጎን ለጎን የምንቀመጥ ሰዎች ነን፤ ከነገርኋቸው በኋላ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? እናንተን ግን አላውቃችሁም፣ እናንተም አታውቁኝም፤ ይሄ ይሻላል። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ፤ መሀል ላይ "ልጅ ነበርህ እኮ" እንዳትሉኝ። ልጅ አልነበርሁም። ጢሜን የምላጭ፣ ፋብሪካ ገብቼ የምሠራ፣ እናቴን የማስተዳድር ሰው ነበርሁ።

ፍሬኑን የያዝሁት እኔ ነኝ። ፈንታሁን አይደለም። እኔ ነኝ።

ዘመኑ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው፤ ቦታው ፔታህ ቲክቫ የሚባል ከተማ። እኔና እናቴ በሱዳን በኩል ከብዙው ሰው ቀድመን ስለመጣን ሻአሪያ በሚባለው ሰፈር ቤት ይዘን ነበር፤ ዕብራይስጡንም ለምጄዋለሁ። ፋብሪካ አብሮኝ የሚሠራ ሰው ወደ ብስክሌት ክለቡ ወሰደኝ። ክለብ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ መምህሩ፣ ቧንቧ ሠራተኛው፣ ተማሪው ከሥራ በኋላ ተሰብስቦ የሚጋልብበት ነው። አሰልጣኛችን አቭረም ይባላል። ቦርጫም ሰው ነው፤ ብስክሌት ላይ ሲወጣ አይቼው አላውቅም። በአሮጌ መኪናው ከኋላ ከኋላችን እየተከተለ በመስኮት ይጮኻል።

ውድድሩ በጸደይና በበጋ ነው። ክረምት ሲገባ፣ እዚህ አገር ዝናቡ ከብርዱ ጋር ከኅዳር ወዲያ ሲመጣ ማለት ነው፣ የአቭረም ሕግ ይጀምራል። በትንሹ ማርሽ ብቻ! እግርህን እንደ ቅል ቅቤ መናጥ ነው፤ ትንጣለህ ትንጣለህ፣ ቅቤም የለው። ማንም ማንንም አይቀድምም። ተራህ ሲደርስ ከፊት ሆነህ ነፋሱን ትመታለህ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ትመለሳለህ። ከፊት ያለ ሰው ደግሞ ሳያስጠነቅቅ ፍሬን አይነካም፤ ጎማ ለጎማ ተጠጋግተን ስለምንሄድ የኋላው ይወድቃል። ወይ ጉድ፣ የእሽቅድምድም ክለብ ሆኖ ክረምቱን ሙሉ እሽቅድምድም ክልክል! አንጀቴ ያርር ነበር። አቭረም ግን ሰውን የማውቀው በክረምት ነው ይላል። በክረምት ጓደኛውን የጣለ በጸደይ ከኔ ጋር አይወጣም፣ ይላል።

ፈንታሁን የእናቴ የታናሽ እህቷ ልጅ ነው። ሕዝቡ ከሱዳን ሲመጣ አብሮ መጣ፤ እናቱን እዚያው ቀብሮ። እኛ ቤት ገባና ዝም አለ። ዝም ስላችሁ፣ ከነጋ እስከ መሸ ግድግዳ ላይ አፍጥጦ ነው የሚውለው። ብላ ሲሉት ይበላል፣ ተኛ ሲሉት ይተኛል። እናቴ ማታ ማታ ታለቅሳለች። "ይዘኸው ውጣ እንጂ! ወንድም አይደለህም?" ትለኛለች። በመጨረሻ ንዝንዟ ሲሰለቸኝ ይዤው ወጣሁ። አዎ፣ ሰልችቶኝ ነው እንጂ አዝኜለት አይደለም፤ ይህንንም ያዙልኝ።

ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ የክለቡን አሮጌ ብስክሌት አስይዤ አስተማርሁት። ከጥቂት ቀን በኋላ መንገድ ላይ ወጣን። ብርቱካን እርሻው ጥግ ስንታጠፍ አንሸራተተውና ጭቃው ውስጥ ተዘረጋ። ሮጬ ብሄድ፣ ሰውየው ይስቃል! ሆዱን ይዞ ይስቃል! ቤት ስንገባም እየሳቀ ለእናቴ ነገራት፤ እሷ ልጁ ሳቀ ብላ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ጎረቤት ምን ተወለደ ብሎ መጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፈንታሁን ሰው ሆነ። ያወራል፣ ይበላል፣ ስለ እናቱ እንኳ ማውራት ጀመረ። ብስክሌቱ ነው እንዲህ ያደረገው። ይህን አውቅ ነበር። አላወቅሁም እንዳልል አውቅ ነበር።

ታዲያ ምን ሆንሁ? ምን እንደሆንሁ እነግራችኋለሁ። ቀናሁ። እኔ ስንት ጊዜ የለፋሁበትን ነገር እሱ አንድ ክረምት ሳይሞላው ያዘው። ከኋላዬ ሲሄድ ትንፋሹ አይሰማም። እኔ እንደ በሬ ሳለከልክ እሱ ያፏጫል! ዳገት ላይ ዞር ስል፣ "ወንድም ጋሼ፣ ደከመዎት?" ይለኛል። አንቱ እያለ! ጥቂት ዓመት ብበልጠው አንቱ! ቢንቀኝ ይሻለኝ ነበር፤ ቢንቀኝ እጣላው ነበር። የሚያከብርህን ሰው በምን ትጣላዋለህ?

ደግሞ ምላሱ እኔ ነበርሁ። የፈንታሁን ዕብራይስጥ ከሰላምታው ከሻሎምና እሺ ከሚሉበት ከበሰደር አያልፍም። አቭረም የሚለውን ለእሱ፣ እሱ የሚለውን ለአቭረም የማስተላልፍ እኔ። በእኛ አገር ታላቅ ሲናገር አንገት ይደፋል፤ የታላቅን ዓይን አፍጥጦ ማየት ብልግና ነው። ፈንታሁን አቭረም ፊት ሲቆም መሬት መሬቱን ነው የሚያይ። አቭረም ይህ አይገባውም። አንድ ቀን፣ "ይሄ ልጅ ለምንድን ነው የማያየኝ? ዓይን ለዓይን የማያይ ሰው የሚደብቀው ነገር አለው" አለኝ። አክብሮት ነው ማለት ስንት ቃል ነው? ትከሻዬን ሰብቄ አለፍሁ።

ክረምቱ ሊያልቅ ሲል አቭረም የጸደዩን ቡድን መረጠ። አንድ ቦታ ቀረ። ወይ አንተ ወይ ፈንታሁን፣ ዓርብ ካየኋችሁ በኋላ እወስናለሁ አለኝ። ፈንታሁን አጠገቤ ቆሟል። "ምን አሉ?" አለኝ። ዓርብ ጠዋት እንገናኝ ነው ያለው አልሁት።

ዓርብ ጠዋት ዝናቡ አባርቷል። መንገዱ በብርቱካኑ እርሻ መሀል የሚያልፍ ጠባብ ነው፤ ከጭነት መኪና የወደቀ ብርቱካን ተጨፍልቆበታል። በአንድ ረድፍ ነው የምንሄደው። ከፊት እኔ፣ ከኔ ኋላ ፈንታሁን፣ ከሱ ኋላ ኦፌር የሚባል ደግ ልጅ፣ ሌሎቹ ከዚያ ወዲያ። ነፋሱ ፊት ለፊት ነው። እግሬ አልቋል፤ ተራዬን ልልቀቅ ብል ደከመኝ ማለት ነው፤ ደከመኝ ካልሁ ቦታዋ ሄደች። ከኋላዬ ፉጨቱ ይሰማኛል። ያቺ ፉጨት! ደሜ ፈላ።

ፍሬኑን ያዝሁት።

ውሻ አልገባብኝም። ጉድጓድ አልነበረም። እጄ ረጥቦ አንሸራተተኝ እያልሁ ብዙ ዓመት ራሴን አታልያለሁ፤ ውሸት ነው። ያዝሁት፣ ወዲያው ለቀቅሁት። ምን ፈልጌ? ይደንግጥ፣ ያቺን ፉጨት ያቁም ብዬ ነው። ፈንታሁን ግን እንደ ፍየል ነው፤ ወደ ጎን እጥፍ ብሎ ሳይወድቅ ቀረ። ከኋላው ያለው ኦፌር ጎማው ከፈንታሁን ጎማ ተጋጨና አስፋልቱ ላይ ተከሰከሰ። ሲጮህ የሰማሁትን ድምፅ እስካሁን አልረሳሁትም። የትከሻው አጥንት ተሰብሮ ነበር።

አቭረም ከመኪናው ዘሎ ወረደ። ከኋላ የነበሩት ሁሉ ያዩት ፈንታሁን ሲታጠፍ ነው፤ እኔ በፈንታሁን ጀርባ ስለተከለልሁ ማንም አላየኝም። አቭረም ፈንታሁን ፊት ቆሞ፣ አንተ ነህ ፍሬን የያዝኸው ብሎ ጮኸበት። ፈንታሁን እንደ ልማዱ አንገቱን ደፋ። በአማርኛ፣ በቀስታ፣ እንዲህ አለኝ፤ "እኔ አልያዝሁም ወንድም ጋሼ፤ እርስዎ ሲቆሙብኝ ነው የሸሸሁ። ግን እርስዎ ያወቁትን ይበሉልኝ፤ እኔ ምን አውቃለሁ።"

አያችሁ? ፍርዱን እጄ ላይ አስቀመጠው። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚቀረኝ።

"ይቅርታ ይጠይቃል" አልሁ በዕብራይስጥ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የኔ ግን ወለምታ እንኳ አይደለም፤ አስቤበት፣ ቃሉን መርጬ ነው። ያዘ ብል ሐሰት መሰከርሁ ማለት ነው፤ ይቅርታ ይጠይቃል ስል ግን ንጹሕ የሆንሁ መሰለኝ። እንዲህ ዓይነት ብልጥ ነበርሁ! አቭረምም፣ "ዓይኔን እንኳ ማየት አቃተው" አለና መኪናውን ከፍቶ ኦፌርን አስገባ። ከዛሬ ጀምሮ ከኔ ጋር አይወጣም፣ ንገረው አለኝ። እኔም ለጊዜው እረፍ ብሎሃል አልሁት። ፈንታሁን ከወገቡ ዝቅ ብሎ፣ "እግዜር ይስጥልኝ ይበሉልኝ" አለ። ይህችን ግን በትክክል ተረጎምኋት።

ከዚያ በኋላ ዓርብ በመጣ ቁጥር ጫማውን ወልውሎ በር ላይ ያስቀምጣል። "ዛሬስ አልጠሩኝም?" ይለኛል። ገና ነው እለዋለሁ። ክለቡ ለጸደዩ ቡድን የሰጠኝን ቀይ የውድድር ብስክሌት በዓይኑ ፊት እየገፋሁ እወጣለሁ፣ እሱ በሩን ከፍቶ ይይዝልኛል። ኧረ የአምላክ ያለህ፣ በሩን ይዞልኝ! ለምን አይቆጣም ነበር? ለምን አንድ ቀን አንቆ አልያዘኝም? ይኸውላችሁ፣ በድዬው ሳበቃ በእሱ እናደዳለሁ። አንድ ዓርብ ጫማው በር ላይ የለም። ፈንታሁን ግድግዳው ሥር ተቀምጧል። እናቴ ጓዳ ጠርታ፣ "ልጁን ምን አገኘው? ደህና አልነበረም?" አለችኝ። ብርዱ ነው አልኋት። ያመነችው እኔን ነው፤ እንዳመነችኝ ሞተች።

በጸደይ ተወዳደርሁ። ስንተኛ ወጣህ ብትሉኝ፣ ከመሀል ነው፤ ማንም ስሜን አልጠራም። በዓመቱ ክለቡን ተውሁት። ለምን ነበር ታዲያ? ለዚያች ለዛገች ቀይ ብስክሌት? ለአንድ መሀል? ሳስበው ራሴን በጥፊ መምታት ያምረኛል።

ፈንታሁን ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ቀስ እያለ፣ ተነሣ። ውትድርና ሄደ፣ ሽማግሌዎች የሚጦሩበት ቤት ሥራ ያዘ፣ አገባ፣ ልጆች ወለደ። ዕብራይስጡ ዛሬ ከኔ ይበልጣል። ብስክሌት ላይ ግን ዳግመኛ አልወጣም። ባየኝ ቁጥር ከመቀመጫው ይነሣል፣ አንገቱን ይደፋል፣ ወንድም ጋሼ ይላል። እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ዓመት በዓመት ላይ ቆለልሁ።

በቅርቡ ክፋር ጋኒም ሰፈር ወዳለው ቤቱ ጠራኝ። ትልቋ ልጁ ለልጇ ብስክሌት ገዝታ፣ ሳሎኑ መሀል አቁመውታል። ፈንታሁን ደስ ብሎታል። ብስክሌት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው እያለ ለእንግዳው ሁሉ ያሳየኛል። ልጅቱ ይህን ሰምታ አታውቅም፤ ተገርማ በዕብራይስጥ፣ "አባ፣ ትጋልብ ነበር? ታዲያ ለምን ተውኸው?" አለችው።

ፈንታሁን ለልጆቹ ሁልጊዜ በዕብራይስጥ ነው የሚመልስ። ያን ጊዜ ግን በአማርኛ መለሰ። "ለምን እንደተውሁት ወንድም ጋሼ ያውቃሉ። እሳቸው ይንገሩሽ" አለ።

ልጅቱ አማርኛዋ እህ ከማለት አያልፍም። ወደኔ ዞረች። "ዶድ፣ ምን አለ?" አለችኝ፤ አጎት ማለቷ ነው። ሁሉም እኔን ያያል። ይኸው፣ ያው ቃል፣ ያው የአስተርጓሚ ወንበር፣ ከአርባ ዓመት በኋላ በገዛ ቤቱ፣ በገዛ እጁ ሰጠኝ። ከዚህ የበለጠ ምን ያድርግልኝ?

"ሰለቸኝ ነው የሚለው" አልኋት በዕብራይስጥ።

ያኔ ዕብራይስጥ አያውቅም ነበር። አሁን እያንዳንዷን ቃል ሰምቷል። ፈንታሁን አንገቱን አልደፋም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ዓይን ዓይኔን አየኝ፤ አየኝና፣ "በሰደር" አለ። አንገቴን የደፋሁት እኔ ነኝ። ለአክብሮት አይደለም። አቭረም በዚህ ጊዜ ኖሮ የሚደብቀው ነገር አለው ቢል አይሳሳትም ነበር።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልሁት እናንተን አይደለም። ይቅርታ ይጠይቃል ያልሁት ሰው አጠገቤ፣ በአንድ አውቶቡስ መንገድ ይኖራል፤ በየሳምንቱ ዓርብ እሄዳለሁ እላለሁ፣ ዓርብ ይመጣል፣ ሰንበት ይገባል፣ እኔ እቤቴ ነኝ። ይህንን ጻፍሁ ብላችሁም እንዳታመሰግኑኝ። የፈንታሁን ልጅ የምታነበው ዕብራይስጥ ነው፤ እኔ ግን የጻፍሁት በአማርኛ ነው።