የጥጡ መኪና ዝም ያለች ቀን

ሰፈሩ «ጥጡ» ይለዋል። ሥራው ሶፋና ፍራሽ መሥራት ነው፤ ድምፁም እንደ ሥራው ለስላሳ ነው። መልሱን ከጉሮሮው ጎትቶ እስኪያወጣ ድረስ ጠያቂው የጠየቀውን ይረሳዋል። ጩኸት አይወድም። ወንበር ሲጥ ሲጥ ሲል እግሩ ሥር ጨርቅ ይለጥፋል፤ በር ሲላተም ጠርዙን በስፖንጅ ያለብሳል። ቤቱ ውስጥ የሚንኳኳ ነገር ተፈልጎ አይገኝም።

«ይኼ ሰውዬ አንድ ቀን እኔንም አፌን በጥጥ ይጠቀጥቀዋል» ትላለች ሚስቱ። እሷ ዝምታ ጠላቷ ነው። ተኝታም ታወራለች።

ለእጁ ያልተገዛችለት መኪናው ብቻ ነበረች። አሮጌ ናት፤ ኋላዋ እንደ ሣጥን የሰፋ፣ የኋላ በሯ ወደ ላይ የሚከፈት። ያ በር ኮሮኮንች በነካ ቁጥር ይንቀጫቀጫል። ጎረቤት ሁሉ «ጥጡ መጣ» የሚለው መኪናዋን አይቶ ሳይሆን ሰምቶ ነው። እሱም አንገቱን ቀብሮ ያልፋል።

አሁን ግን ነገሩ የሐፍረት ብቻ አልሆነም። አማቱ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ሐኪም ቤት ከርመው ነበር። ሐኪሞቹ «ነገ ውሰዷቸው፤ ግን መቀመጥ የለም፣ ተኝተው ነው የሚሄዱት» አሉ። አሮጊቷ ይህን ሲሰሙ ከአልጋቸው ላይ ሆነው አማቻቸውን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«በዚያች መኪና? እሷ እኮ ጠጠር የገባባት ቆርቆሮ ናት። አጥንቴን አስጠግናችሁ ጆሮዬን ልትሰብሩት ነው?»

ጥጡ ወለሉን እያየ «እ... ዛሬ አበጃታለሁ፣ እማማ» አለ።

«አብጃት እንግዲህ። እጅህን አምንበታለሁ፤ አፍህን እንጂ ሰምቼው አላውቅም።»

ይቺ ቃል ውስጡ ገባች። ያኔ ልጃቸውን ሊያገባ ሲመጣ ዘመድ ሁሉ «ይኼ ሰው ዲዳ ነው እንዴ?» ብሎ ሲያማው፣ «አፍ የለውም እንጂ እጅ አለው» ብለው የቆሙለት እሳቸው ነበሩ። እና ዛሬ ያ እጅ ሊያሳፍራቸው አይገባም።

ግቢው ውስጥ መኪናዋን አቁሞ በሩን ከፈተ። ከታች አካሏ ላይ የታሰረ የብረት ቀለበት አለ፤ በሩ ጫፍ ላይ ያለው መቆለፊያ፣ ሰራቱራው፣ በሩ ሲዘጋ ያንን ቀለበት ይነክሰዋል። በሩን ዘግቶ ሲነቀንቀው ይላወሳል። ሌላ ሰው ቢሆን የቡሎን መፍቻ ቁልፍ ያነሣ ነበር። ጥጡ ያነሣው ስፖንጅ ነው። የሚጮህ ነገር ሁሉ ሲጠቀጠቅ ዝም ይላል፤ ዕድሜውን ሙሉ የኖረው በዚህ ነው። የበሩን ዙሪያ በኮላ ቀብቶ ስፖንጅ ለጠፈ፤ አላመነውምና በላዩ ደረበ። ቀለበቱን እንኳ በጨርቅ ጠመጠመው፤ ልክ የሕፃን ጣት እንደሚያስር ሰው፣ እየተጠነቀቀ።

በሩን ሲዘጋው እንቢ አለ። በትከሻው ተጫነው። «ቀጭ» አለ።

ያ በር ሁልጊዜ የሚለው «ቀጭ፣ ቀጭ» ነበር። የመጀመሪያው ሲነክስ፣ ሁለተኛው ሲውጥ። ዛሬ ሁለተኛው አልመጣም። ጥጡ ይህን ሰምቷል፤ አልሰማም አይባልም። «ስፖንጁ ድምፁን ውጦት ነው» ብሎ ፈገግ አለ። ስፖንጁ የዋጠው ግን ድምፁን አልነበረም።

ሚስቱ የእናቷን ፍራሽ ተሸክማ መጣች። ጥጡ ራሱ የሠራው ነው፤ እንዳይቆሽሽ በላስቲክ ለብጦታል። የመኪናዋን የኋላ ወንበር አጥፈው አነጠፉት።

«እስኪ እኔ እናቴ ቦታ ልተኛና ዞር ዞር አድርገኝ» አለች። «ፊት ተቀምጦ የኋላው አይሰማም።»

ጭንቅላቷን ወደ በሩ አድርጋ ተኛች። እናትየውም እንደዚያ ሊተኙ ነበር የታሰበው፤ ሲደርሱ በትከሻቸው በኩል ለማውጣት ይቀላል ተብሎ።

«ከጮኸ ግድግዳውን አንኳኳለሁ። ካልጮኸ ዝም እላለሁ።»

«አንቺ? ዝም?» አለ ጥጡ። ሲቀልድ እንዲህ ነው፤ ከዚህ አይረዝምም።

«ለእናቴ ስል እችለዋለሁ፤ ንዳ!»

ነዳ። ኮሮኮንቹን አለፈ፤ ጸጥ። ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ወጣ፤ ጸጥ። ዳገቱ ሥር ሲደርስ መኪናዋ አንዴ ነጠር አለችና ማርሽ ቀይሮ ሽቅብ ያዘው። ሞተሩ አጓራ። መስኮቱ ክፍት ነው፤ ነፋሱ ዛሬ ደስ ይላል። በመስታወቱ ወደ ኋላ ቢያይ መንገዱ ወለል ብሎ ታየው። «የኋላ መስታወቱንም ወልውላዋለች እንዴ? እንዲህ ጠርቶ አያውቅም» አለ በልቡ። እሷ ተኝታለችና በመስታወት አትታይም።

ከዚያ ጥጡ ያልተለመደ ነገር አደረገ፤ አወራ። ደስታው አፉን ከፈተው።

«አየሽ፣ ነገ እማማ ሲገርማቸው ታያለሽ! እንቅልፍ ሁሉ ይወስዳቸዋል። እጅ አለው ብለው የለ? ደሞ እኮ ቁልፍ እንኳን አልነካሁም።»

መልስ የለም። ማንኳኳትም የለም። ጥጡ ሳቀ። «በቃ ቃልሽን ጠበቅሽ ማለት ነው።»

ዳገቱ አናት ላይ አንድ ዘበኛ ከአንድ ትልቅ በር ፊት ቆሞ እጁን አወዛወዘለት።

«ወንድም! ኋላህ ተከፍቶልሃል! ዕቃህን ጣልከው እንዴ?»

ጥጡ ፍሬን ያዘ። ዞረ።

የኋላው በር ጣሪያውን አልፎ ወደ ሰማይ ቆሟል። ወለሉ ባዶ ቆርቆሮ ነው። ፍራሽ የለም። ሚስቱ የለችም።

ሰው ሲደነግጥ ይጮሃል ይባላል። ጥጡ አልጮኸም። እጁ መሪው ላይ ቀረ፤ ዓይኑ ቆርቆሮው ላይ። ዘበኛው መጥቶ ትከሻውን ሲነካው ነው ነፍሱ የተመለሰችው። ከመኪናው ወርዶ ቁልቁል ሮጠ። አንዱ ጫማው የት እንደ ወለቀ ዛሬም አያውቅም።

ከታች ዳገቱ ወገብ ላይ አንድ አሸዋ የጫነ መኪና መሃል መንገድ ቆሟል። ፊቱ፣ ጎማው አፍንጫ ሥር ማለት ይቻላል፣ ፍራሹ አለ። ፍራሹ ላይ ሚስቱ ተቀምጣለች። እግሯን ዘርግታ፣ ሻሿ ከአንገቷ ወርዶ፣ የተሳሉ ዓይኖች በመሰሉ ዓይኖች ፊት ለፊት ታያለች። የአሸዋ መኪናው ሹፌር አጠገቧ አስፋልቱ ላይ ቁጭ ብሏል። ግዙፍ ሰው ነው።

«ያንተ ናት?» አለው ጥጡን።

ጥጡ ራሱን ነቀነቀ።

«ፍራሽ ነው ያየሁት። ባዶ ፍራሽ። የወደቀ ፍራሽ ነው፣ እላዩ ላይ ልለፍ ብዬ ነበር። ሰማህ? ልሄድበት ነበር! ኋላ እግር... እግር አየሁ።» ሹፌሩ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «እናቴ ድረሽ! ልጨፈልቃት ነበር እኮ!»

ጥጡ ተንበረከከ። ጭንቅላቷን ዳሰሰ፣ ትከሻዋን፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ። ክርኗ ተልጧል፤ ሌላ ምንም የለም። ላስቲኩ ቆርቆሮው ላይ አንሸራቶ ከነፍራሿ ነበር ያወጣት። ፍራሹ ነው አስፋልቱን የተቀበለው።

«ተናገሪ» አላት። «እባክሽ። አንድ ነገር ተናገሪ።»

ተኝታም የምታወራው ሴት ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፤ ድምፅ ግን አልወጣትም። በሁለተኛው ሙከራ ነው የወጣው።

«አልጮኸም» አለች። «ምንም አልጮኸም።»

ይህን ጊዜ ነው ጥጡ ዋይ ያለው። ሰፈሩ ድምፁን ያን ቀን ሰማ።

ቤት ሲመለሱ ውኃ ከጠጣች በኋላ አፏ ተፈታ። «ዓይኔን ጨፍኜ ሳዳምጥ ሰማዩ መጣብኝ» አለች። «ልጮህ ብዬ ትንፋሼ ከየት ይምጣ?» ከዚያ ድንገት ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ሁለቱም አንድ ነገር ባንድ ጊዜ ታያቸው። ነገ። ነገ እዚያ ፍራሽ ላይ፣ በዚያ በተጠገነ ዳሌ...

ጥጡ ተነሥቶ ወጣ። የለጠፈውን ስፖንጅ ሁሉ በጥፍሩ ቦጨቀው፤ ኮላው ከነቀለሙ ተላጠ። ከጎረቤት ቁልፍ ለመነ። የቀለበቱን ቡሎኖች አላልቶ ቀለበቱን ትንሽ ወደ ውስጥ ገፋ፤ መልሶ አጠበቀ። በሩን ዘጋ። ቀጭ፤ ቀጭ። ከፈተ፣ ዘጋ። ቀጭ፤ ቀጭ። ጀንበር እስክትጠልቅ ሲከፍትና ሲዘጋ ሚስቱ ከመስኮት ታየዋለች፤ ተው ልትለው አፏን ከፍታ ተወችው።

በማግስቱ አማቱን ሲያስተኟቸው ጭንቅላታቸውን ወደ ፊት፣ እግራቸውን ወደ በሩ አደረጉ። ፍራሹ በጠፍር ከወለሉ ጋር ታስሯል። ሚስቱ አጠገባቸው ተቀምጣ እጃቸውን ይዛለች። በሩም በገመድ በላይ በላዩ ተጠፍሯል፤ የገመዱ መንጠቆ ብረቱን እየነካ መንገዱን ሁሉ ኳ፣ ኳ፣ ኳ ይላል።

«ይኼ ነው ያበጀኸው?» አሉ አሮጊቷ።

«አዎ፣ እማማ።»

«ክርንሽ ምን ሆነ አንቺ?»

«ወደቅኩ» አለች ልጃቸው፤ እጅጌዋንም ወደ ታች ጎተተች።

ጥቂት ሄዱ። «እማማ፣ አሉ?» አለ ጥጡ ከፊት።

«አለሁ።»

ጥቂት ሄዱ። «አሉ?»

«አለሁ አልኩህ እኮ! ምን ነካህ ልጄ? ዱሮ አፍ አልነበረህም፤ ዛሬ ከየት አመጣኸው? ይልቅ ቁምና ያን የሚንኳኳ ነገር አንድ ጨርቅ ወትፍበት።»

ጥጡ መሪውን ጨብጦ ዳገቱን ጀመረው።

«ይጩህ፣ እማማ» አለ። «ይጩህ። አሉ?»